ተከሳሽም ይከሳል

አንባቢ ሆይ፤ በመሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ወይም በትምህርት ቤት ተቀምጦ ብዕር የያዘ ወጣት ሁሉ አንድ ቀን የማይቀርለት ሥራ አለ። አጎቱ ከአገር ቤት ይመጣሉ፤ ውኃ ከጠጡና የዘመድ አዝማዱን ደኅንነት ከተናገሩ በኋላ ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ወረቀት ፈትተው ያወጡና «ተከስሻለሁ፤ አንተ ፊደል የቆጠርህ ነህና መልሱን ጻፍልኝ» ይላሉ። ወረቀቱ ማኅተም ያረፈበት የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። ወጣቱም አጎቱን እንዳያሳፍር ብሎ ብዕሩን ያነሣና «ከሳሽ ያቀረቡት ክስ ከእውነት የራቀ ነው» ሲል ይጀምራል። አጎትን ግን ከክሱ ይልቅ የሚያንገበግባቸው ሌላ ነገር አለ፤ «እሱ ራሱ የኔን ስንት ነገር ይዞ ሳለ እንዴት ደፍሮ ይከሰኛል!» ይላሉ። ወጣቱ ይህችን ነገር ከመልሱ ግርጌ «ከሳሽ ራሳቸውም ዕዳ አለባቸው» በምትል በአንዲት ዐረፍተ ነገር ይወረውራታል፤ ከዚያም ቀንና ፊርማ ያደርጋል።

ብዙ ሰው ገንዘቡንና ድካሙን የሚያጣው በዚህች ዐረፍተ ነገር ነው። ዐረፍተ ነገሯ ሐሰት ስለ ሆነች አይደለም፤ ፍጹም እውነት ልትሆን ትችላለች። ነገር ግን ክስ አይደለችምና ዳኛው ሊፈርድላት አይችልም። አጎት የሚያስፈልጋቸው ነገር በሕጋችን ቋንቋ የራሱ ስም አለው፤ «የተከሳሽ ከሳሽነት» ይባላል።

ቃሉ በመጀመሪያ ሲሰሙት ለጆሮ ጥቂት ይጎረብጣል። ተከሳሽና ከሳሽ ከአንድ ግንድ፣ «ከሰሰ» ከሚለው ግሥ የበቀሉ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው፤ የሚለያያቸውም ያች አንዲት «ተ» ብቻ ናት። «ነት» የምትለዋ ጅራት ደግሞ በዳኝነትና በወዳጅነት ላይ እንደምናያት ሁሉ የሰውን ሁኔታ ወይም ሥልጣን ታመለክታለች። ስለዚህ ሲተረጎም «የተከሰሰው ሰው፣ ተከሳሽነቱን ሳይለቅ፣ በዚያው ችሎት ላይ ደግሞ ከሳሽ መሆኑ» ማለት ነው። «የአጸፋ ክስ» ቢባል ኖሮ ባጠረ ነበር፤ ግን አጸፋ የሚለው ቃል የብድር መመለስና የቂም ሽታ አለበት። የሕጉ ሐሳብ ግን ቂም አይደለም። ሐሳቡ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ባለዕዳም ባለገንዘብም ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ስለዚህ የአማርኛው ስም ረዘመ እንጂ አልሳተም እላለሁ።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል፤ ለምሳሌውም ወደ ዛሪማ እንውረድ። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ ወደ ትግራይ የሚወስደው መንገድ፣ ከደባርቅ በኋላ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ይህን መንገድ ለመኪና የቀደዱት ጣልያኖች በወረራው ዘመን ናቸው፤ የቅፍለቱ መንገድ ግን ከዚያ እጅግ የቆየ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲመጣ ይህንኑ ዐቀበት ወጥቷል። ከላይ ጋቢውን ደርቦ የተነሣ ደገኛ ከታች ሲደርስ ደረቱን ይከፍታል፤ ዛሪማ ቆላ ነውና። ወንዙም በዚያው ስም ይጠራል፤ ውኃውን ለተከዜ ይሰጣል።

እንግዲህ በዚህ ወንዝ ዳር ሁለት ወንድማማቾች አሉ እንበል። ሰዎቹን እኛ ለምሳሌ ፈጠርናቸው እንጂ በእውነት የሉም፤ ነገራቸው ግን በየወረዳው ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የማይታጣ ነገር ነው። ታላቅየው በስሙ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያለው መሬት ነበረው፤ ሥራ ፍለጋ ወደ መተማ ሲሄድ ለታናሹ «እህሉን እኩል እያካፈልህ ያዝልኝ» ብሎ ሰጠው። ታናሽየው 8 ዓመት አረሰ። ድንጋዩን ለቅሞ እርከን ሠራ፤ ከወንዙ ቦይ ቆፈረ፤ 30 የማንጎ ችግኝ ተክሎ ለፍሬ አደረሰ። ታላቁ ሲሄድ ጥሎት የሄደውን 9,000 ብር የማዳበሪያ ዕዳም «አንተ ክፈልልኝ፤ ስመጣ እንተሳሰባለን» ባለው መሠረት ከፈለ። የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት እህል ግን ለታላቁ አልላከም። ታላቅየው ተመልሶ መጣና ከሰሰ፤ «መሬቴን ይልቀቅልኝ፤ ያላካፈለኝን የ3 ዓመት እህል ግምት 40,000 ብር ይክፈለኝ» አለ።

ታናሽየው ምን ይላል? በልቡ ያለው አንድ ትልቅ እሮሮ ነው። «አያ መሬቱ የሱ መሆኑን መቼ ካድሁ፤ ድካሜስ? ማንጎውስ? የከፈልሁለት ዕዳስ? በአንዱ ዓመት ደግሞ ዝናብ ቀርቶ ለራሴም ያጨድሁት የለኝ!» ይላል። ይህ ለሰሚው አንድ እሮሮ ይሁን እንጂ በሕግ ዐይን ሲታይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች የተጠቀለሉበት ነው፤ መልስ የሚጽፍለትም ሰው ዋና ሥራው ጥቅሉን መፍታት ነው።

ዝናብ ቀርቶ እህል አልተገኘም ማለቱ መከላከያ ነው። መከላከያ የከሳሹን ክስ ይቀንሳል ወይም ያፈርሳል፤ ለተከሳሹ ግን ምንም አያመጣለትም። ጋሻ የሚያድነው ከጦር ነው እንጂ ላም አያመጣም።

የከፈለው 9,000 ብር ለማቻቻል የሚሆን ነው። ማቻቻልን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1831 ጀምሮ ይደነግገዋል፤ ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው ባለዕዳዎች ሲሆኑ፣ ሁለቱም ዕዳዎች ልካቸው የታወቀና ጊዜያቸው የደረሰ፣ ገንዘብ ወይም በዐይነታቸው የሚተካከሉ ነገሮች ሲሆኑ፣ ትንሹ ከትልቁ ላይ ይነሣል። ስለዚህ ታናሽየው ይህን በደንብ ቢጠይቅ 40,000ው ወደ 31,000 ይወርድለታል ማለት ነው።

ማንጎው፣ ቦዩና እርከኑ ግን ከሁለቱም ይለያሉ። ታላቅየው የጠየቀውን እህል አያስቀሩም፤ መሬቱንም አያስከለክሉም። ግምታቸውም ያልታወቀ ስለ ሆነ ባለሙያ ሊያየው ይገባል። ከዚህም በላይ ግምታቸው ከ40,000 ብር አልፎ ሊሄድ ይችላል፤ የዚያን ጊዜ ከፋዩ ከሳሽ የነበረው ታላቅ ወንድም ይሆናል። ይህን የመሰለ ጥያቄ ከሥር መሠረቱ አዲስ ክስ ነው። የተከሳሽ ከሳሽነት ማለት ይህ ነው።

መሠረትም አለው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ቢያደርግም፣ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 7 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረትና ለሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው፣ የመጠቀም መብቱም ሲቋረጥ ንብረቱን ማንሣት ወይም ካሳ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ታላቁ ወንድም በበኩሉ «ያለ ፈቃዴ ተከለው» ብሎ ይከራከር ይሆናል፤ ያም ሆኖ ነገሩ የሚመዘነው ታናሹ በሚዛን ላይ ሲያስቀምጠው ነው። «ደክሜበታለሁ» ብሎ ብቻ የቆመ እንደ ሆነ ዳኛው በደብተሩ መሠረት መሬቱን ለባለደብተሩ ይፈርዳል፤ የማንጎዎቹም ነገር በፍርዱ ውስጥ ሳይነሣ ይቀራል። ፈራጁ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ያልተጠየቀውን ዳኝነት ከራሱ አውጥቶ መስጠት ስለማይፈቀድለት ነው።

የአገር ቤት ሰው ይህን ለምን እንደሚስተው ሳስብ፣ ስሕተቱ ካለማወቅ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። እርሱ የሚያውቀው ሌላ ችሎት አለ፤ ይኸውም የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው። ከዛፍ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌዎች አንዱን ከሰሙ በኋላ ወደ ሌላው ዞረው «አንተስ ምን አለህ?» ይላሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ይወጣል፤ የዛሬ ዐሥር ዓመት የተሰበረው ሞፈር ሳይቀር ይነሣል። ሽማግሌዎቹም የዚህን በደል በዚያ በደል እየጣሉ፣ የቀረውን በካሳ እየሞሉ፣ ያስታርቃሉ። በዚያ ጉባኤ ላይ ከሳሽና ተከሳሽ የሚባል የጠነከረ ድንበር የለም። እንግዲህ በዚህ የለመደ ሰው ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዳኛውም እንዲሁ ዞሮ «አንተስ ምን አለህ?» የሚለው ይመስለዋል። ዳኛው ግን የሚያየው መዝገቡን ነው፤ መዝገቡ ላይ የሌለ ነገር በችሎት ላይ የለም።

ከሽማግሌው ጉባኤ ሌላ የቀድሞው ሙግታችንም ቢሆን ተከሳሽን ዝም ብሎ የሚመታ ዒላማ አላደረገውም ነበር። ተከራካሪዎች «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ነገራቸውን በዜማና በምሳሌ ያቀርቡ፣ በተጠየቅ ሙግትም አንዱ ዘንጉን ይዞ ሲጠይቅ ሌላው ይመልስ ነበር። ነገሩ ሲጋጋል ውርርድ ይመጣል። አንዱ «እንዲህ ካልሆነ በቅሎ እሰጣለሁ» ወይም «ማር እሰጣለሁ» ሲል፣ ሌላው ካላፈገፈገ «እገባለሁ» ይላል። የተወራረዱትም በቅሎ ሆነ ማር ለረታው ወገን ሳይሆን ለዳኛው የሚገባ ነበር። ዛሬ በጋዜጣ ላይ ሁለት ሰዎች በቃል ሲጋጩ «እሰጥ አገባ ገጠሙ» ብለን የምንጽፈው ከዚሁ ሥርዐት የተረፈ ቃል ይዘን ነው፤ የቃሉን ሥር ሳያስቡ የሚጠቀሙበት ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። «በዓይነ ቁራኛ ጠበቀው» የምንለውም ከዚያው ሰፈር ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍና ጫፍ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበርና። ዋስ ያጣ ተከሳሽ ከከሳሹ ጋር ታስሮ ሲሄድ ያየ ሰው ከሳሹም እንደዚያው የታሰረ መሆኑን አይስተውም። እንደ ሊማሊሞ ባለ የቅፍለት መንገድ ላይ ደግሞ መንገደኛው ሁሉ ዳኛ ነበር፤ «በሕግ አምላክ» ተብሎ የተያዘ መንገደኛ ጭነቱን አውርዶ የማያውቃቸውን ሰዎች ነገር ይሰማ ነበር።

በጎንደር አገር ነገሩን ያጠነከረው ርስት ነው። ርስት ከመጀመሪያው አቅኚ አባት ጀምሮ በአባትም በእናትም የሚቆጠር ስለ ነበረ፣ አንድ ሰው በብዙ አባቶች በኩል በብዙ ቦታ ድርሻ ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ ሌሎችም በተራቸው እርሱ በያዘው ላይ ይጠይቁ ነበር። ስለዚህ በአንዱ እርሻ ተከሳሽ የሆነው ሰው በሌላው እርሻ ከሳሽ ነበረ፤ አንዳንዴም በዚያው ሰው ላይ። አሜሪካዊው አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት አጥንቶ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ሙግት ማወቅ መሬት ከማግኛው መንገድ አንዱ ነበር። ይህ ሁሉ እንግዲህ በቃል ብቻ የሚካሄድ አልነበረም፤ ዶናልድ ክራሚ የተባለው የታሪክ ምሁር እንዳጠናው በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ትርፍ ቅጠሎች ላይ የመሬት ሽያጭና ስጦታ ከነምስክሮቹ ስም ተጽፎ ይገኛል። ወረቀት ያለው ሰው በጎንደር ከጥንትም ይከበር ነበር ማለት ነው።

በዘመነ ንጉሡ የዛሪማ ሰው በርስቱ ሲሟገት ሊማሊሞን ወጥቶ ወደ ደባርቅ፣ በይግባኝም ወደ ጎንደር ይሄድ ነበር፤ ያልረካም አዲስ አበባ ድረስ ይዘልቃል። ስንቁን ተሸክሞ፣ ምስክሮቹን እየቀለበ ነው። አንዱን ክርክር ጨርሶ ሁለተኛውን እንደ ገና ከታች ጀምሮ ማውጣት ለእንደዚህ ያለ ሰው ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት! የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዐት ሻረ፤ የመሬትም ክርክር ለገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎ ተሰጠ። ዛሬ ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤት ተመልሷል፤ የሚጠየቀውም በይዞታ፣ በውርስ፣ በባልና ሚስት ክፍፍል፣ በኪራይና በእኩል እርሻ ላይ ነው። አቅኚው አባት ቀሩና ደብተር መጣ። ሁለት ሰዎች እርስ በርስ የሚጠያየቁበት ነገር ግን አልቀረም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የሮማው ንጉሥ ዮስጢንያኖስ በ6ኛው መቶ ዓመት ማቻቻልን ለማናቸውም ክርክር ሲፈቅድ አደራን ግን ለየ፤ አደራ ያስቀመጠ ሰው አደራውን ሲጠይቅ «አንተም ዕዳ አለብህ» ተብሎ እንዳይያዝበት ከለከለ። ይህ ለእኛ አገር ሰው ብዙ ማስረዳት የሚያስፈልገው አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1729 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ሕግ ዕዳን በዕዳ ማቻቻል ተፈቀደ፤ ተከሳሽ በዚያው መዝገብ ላይ ሙሉ ክስ እንዲያቀርብ የተፈቀደለት ግን በ1873 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የፍርድ ቤቶች ሕግ ነው። ከዚያ በፊት የተከሰሰው ሰው የራሱን ነገር በሌላ ክስ ለብቻው ያቀርብ ነበር። አሜሪካኖች በ1938 (እ.ኤ.አ.) የፌዴራል ሥነ ሥርዐት ደንባቸው ይብሱን አጠበቁት፤ ከክሱ ጋር ከአንድ ነገር የተወለደውን ጥያቄ ተከሳሹ ያን ጊዜ ካላነሣው በኋላ ሊያነሣው አይችልም።

የእኛው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ የወጣው መስከረም 28 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው። ብዙውን ከሕንድ የ1908 (እ.ኤ.አ.) ሕግ እንደ ወሰደ ይነገራል፤ የሚያስገርመው ግን ሕንዶቹ ራሳቸው የተከሳሽ ከሳሽነትን በሕጋቸው ውስጥ በግልጥ የጻፉት በ1976 (እ.ኤ.አ.) ባደረጉት ማሻሻያ ነው። በዚህ በኩል ተማሪው መምህሩን ቀድሟል!

አሁን ወደ አጎትና ወደ መጥሪያው እንመለስ። በሕጉ ቁጥር 234 የመከላከያ መልስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ሲዘረዝር፣ በንዑስ ቁጥር (1) ፊደል (ረ) ላይ የተከሳሽ ከሳሽነት ጥያቄ ቢኖር በዚያው መልስ ውስጥ እንዲገለጥ ያዛል። ስለዚህ ጊዜው መልሱ የሚቀርብበት ጊዜ ነው። ምስክር ከተሰማ በኋላ ወይም ፍርድ ሊሰጥ ሲል «ለካ እኔም አለኝ» ቢሉ ሰሚ ማግኘት ያዳግታል፤ በቁጥር 91 ፍርድ ቤቱ ሲፈቅድ መልስን ማሻሻል ይቻል ይሆናል እንጂ በፈቃድ ላይ መተማመን ደግ አይደለም።

አጻጻፉም እንደ ክስ ነው። መልሱ ካለቀ በኋላ መስመር ለይቶ «የተከሳሽ ከሳሽነት ክስ» የሚል ርእስ ይሰጠዋል። ከዚያም ነገሩ ከሥሩ ይነገራል፤ መቼ፣ በምን ስምምነት፣ ምን እንደ ተሠራ። ለታናሽየው ወንድም «ብዙ ዛፍ ተክያለሁ» ማለት አይበቃም፤ 30 የማንጎ ዛፍ፣ ይህን ያህል ሜትር ቦይ፣ ይህን ያህል እርከን ተብሎ ይቆጠራል፤ ግምቱም በብር ይጻፋል። የሚጠየቀው ዳኝነት በመጨረሻ ላይ በግልጥ ይቀመጣል። የምስክሮችና የሰነዶች ዝርዝር አብሮ ይያያዛል። በፍርድ ቤት ደጅ በዣንጥላ ሥር የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ይህን ያውቁታል፤ ነገር ግን የሚጽፉት ባለጉዳዩ የነገራቸውን ነውና፣ ባለጉዳዩ እሮሮውን ብቻ ካሰማ እነርሱም እሮሮውን አሳምረው ይጽፉለታል።

ቀጥሎ የሚመጣው የዳኝነት ክፍያ ነው። ብዙ ሰው የሚደናገጠውም በዚህ ነው፤ «ተከስሼ ደግሞ እኔ ከፋይ!» ይላል። በመከላከያው አይከፍልም፤ የተከሳሽ ከሳሽነቱ ግን ክስ ስለ ሆነ፣ በቁጥር 215 መሠረት እንደ ማንኛውም ክስ በግምቱ ልክ ይከፈልበታል። ክፍያ ያልተፈጸመበት ጥያቄ ሰሚ የለውም። የሚከፍለው የሌለው ድኻ ግን መንገድ አለው፤ ከቁጥር 467 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ድኽነቱን ያስረዳ ሰው ሳይከፍል እንዲከራከር ይፈቅዱለታል፤ ይህም በፍርድ ቤት ቋንቋ «በደኻ ደንብ መክሰስ» ይባላል። የአገር ቤት ዘመዶቻችን ስሙን ስለሚያፍሩበት ሳይጠይቁት ይቀራሉ። ደንቡ የወጣው ግን እንዲሠራበት ነው።

«ዛሬ ባላነሣውስ፣ በኋላ ለብቻው ብከስስ ምን ይቀርብኛል?» የሚል ብልኅ አይጠፋም። ሕጋችን እንደ አሜሪካኖቹ በሩን ሁሉ አይዘጋም፤ ነገር ግን ሁለት ጉድጓድ አለበት። አንደኛው ቁጥር 5 ነው። በዚያ እንደ ተጻፈው፣ በመጀመሪያው ክርክር መከላከያ ወይም ማጥቂያ ሆኖ መነሣት ሲችልና ሲገባው ያልተነሣ ነገር እንደ ተነሣና እንደ ተወሰነ ሊቈጠር ይችላል። ሁለተኛው ጊዜ ነው። በውል ላይ የተመሠረተ ጥያቄ በጠቅላላው በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ከውል ውጭ የደረሰ ጉዳት ግን፣ ለምሳሌ የጎረቤት ከብት ማሽላ የፈጀ እንደ ሆነ፣ ካሳው በ2 ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። አንዱ ክርክር ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ሲጓተት፣ በይግባኝም ሲከርም፣ ሁለቱ ዓመት ሳይታወቅ ያልፋል።

የወንጀል ነገር ሲሆን ሁሉም ይለወጣል። ወንድሙን በዱላ መትቶ በወንጀል የተከሰሰ ሰው «እሱም መትቶኛል» ብሎ የተከሳሽ ከሳሽነት ሊያቀርብ አይችልም፤ ያ ለፖሊስ ለብቻው የሚመለከት አቤቱታ ነው። ሁለቱን የሚያደባልቁ ማመልከቻዎች ብዙ ናቸው።

ደግሞም ጠያቂዎች ሁልጊዜ ሁለት ብቻ አይደሉም። በዛሪማው ምሳሌያችን ከጎንደር ከተማ እኅት ብትመጣና «መሬቱ የአባታችን ነበረ፤ እኔም ድርሻ አለኝ» ብትል፣ እርሷ ከሳሽም ተከሳሽም አይደለችም። እርሷ በቁጥር 41 መሠረት «ጣልቃ ገብ» ሆና ልትከራከር ትችላለች። በተለመደው ንግግር ጣልቃ ገብ የማይመለከተው ነገር ውስጥ የሚገባ ሰው ስድብ ነው፤ በፍርድ ቤት ግን የሚያገባው ሰው መጠሪያ ሆነ። ሳትሰማ ቀርታ ወንድማማቾቹ ተከራክረው ፍርድ ቢሰጥም፣ ፍርዱ መብቷን የሚነካ እንደ ሆነ ከመፈጸሙ በፊት በቁጥር 358 መቃወሚያ ማቅረብ ይፈቀድላታል።

ከሳሹን ታላቅ ወንድም ደግሞ መርሳት አይገባም። የታናሹ የተከሳሽ ከሳሽነት ክስ ሲደርሰው እርሱም በዚያ በኩል ተከሳሽ ሆኗል፤ መልስ ይጠበቅበታል። ብዙ ከሳሽ «ክሱ የኔ ነው» ብሎ ይዘናጋና መልስ ሳይሰጥ ይቀራል። «ከማንጎዎቹ መካከል ስድስቱን ከመሄዴ በፊት የተከልሁ እኔ ነኝ» የሚል ቃል ካለው መጻፍ ያለበት በዚያ መልስ ላይ ነው፤ ችግኙን የሸጠለትን ሰው ወይም ሲተክል ያየውን ጎረቤት ስሙን ከምስክሮቹ ዝርዝር ማስገባት ያለበትም ያን ጊዜ ነው። ባለሙያው ወንዝ ዳር ወርዶ ዛፎቹን ሲቆጥር 30ውን ሁሉ ለታናሽየው የሚጽፍ ወይም 24ቱን ብቻ የሚጽፍ፣ ከወንድማማቾቹ ማን ምን ብሎ እንደ ጻፈ አይቶ ነውና።